ኮምፖስት ምንድን ነው? ከካፌ በርሜል እስከ ቡና ችግኝ

ከምሳ በኋላ የተማሪዎች ካፌ መውጫ ላይ ቆሞ የሚያውቅ ሰው በርሜሉን ያውቀዋል። ሽሮ የነካው እንጀራ፣ ጫፉ ብቻ የተቆረሰ ዳቦ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ መሀል ላይ ደግሞ አንድ ፌስታል አይጠፋም። በርሜሉ ሲሞላ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ የጀመረ ልጅ ነው ብዙ ጊዜ የግቢውን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የሚያንቀሳቅሰው። በክበቡ የመጀመሪያ ስብሰባ ላይም አንድ ቃል መነሣቱ አይቀርም፦ ኮምፖስት።

በአማርኛ ብስባሽ ይባላል። ስሙ ግን ትንሽ ያሳስታል፤ መበስበስ ሁለት ዓይነት ነውና። አየር እያገኘ የሚበሰብስ ነገር ይሞቃል፣ ጧት ጧት እንፋሎት ያወጣል፣ መጨረሻ ላይም ዝናብ እንደነካው የጫካ አፈር ይሸታል። አየር ተነፍጎት የሚበሰብስ ደግሞ ይከረፋል። ኮምፖስት የመጀመሪያው ነው። ትርፍራፊ ምግብ፣ ቅጠልና ተረፈ ምርት አየርና እርጥበት ተመጥኖላቸው በዓይን በማይታዩ ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች ሲበሉ፣ የሚቀረው ጥቁርና ፍርፍር የሚል አፈር መሰል ነገር ኮምፖስት ይባላል። ጥሬ እበት ኮምፖስት አይደለም፤ ጥሩ ግብአቱ ነው እንጂ። የቆሻሻ ጉድጓድም ኮምፖስት አይደለም።

ይህን ልዩነት የተማርኩት በአፍንጫዬ ነው። ጅማ ተማሪ ሳለሁ ሰባት ሆነን ከዶርማችን ጀርባ ጉድጓድ ቆፈርን። የካፌውን ትርፍራፊ በባልዲ እያመላለስን ደፋንበትና እንዳይሸት ብለን አፈር አለበስነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የአጠገባችን ብሎክ ልጆች መስኮት መክፈት አቆሙ፤ ፍሬሾቹም “የሽታ ክበብ” የሚል ስም አወጡልን። ያዳኑን የግቢው አትክልተኛ ናቸው። ጉድጓዱን በአካፋ ጫፍ ነካ አድርገው አዩና “ልጆች፣ አፍናችሁ ገደላችሁት እኮ” አሉን።

“ምኑን፣ ጋሼ?”

“የሚሠራላችሁን ነዋ! አውጡትና ይተንፍስ። ደረቅ ነገርም አብሉት፤ እንጀራ ብቻውን ጭቃ ነው የሚሆነው።”

ጋሼ በሁለት ዓረፍተ ነገር የተናገሩት መጽሐፍ ላይ በቁጥር የተቀመጠውን ነው። ለረቂቅ ተሕዋስያኑ ካርቦን ጉልበት፣ ናይትሮጅን ደግሞ የሰውነት መሥሪያ ነው። በደንብ የሚሠሩት ክምሩ ለ1 እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ሲኖረው ነው። የካፌ ትርፍራፊ፣ ትኩስ ሣርና እበት ናይትሮጅን ይበዛባቸዋል፤ ደረቅ ቅጠል፣ ገለባና ሰጋቱራ ካርቦን። ግቢ ውስጥ ሚዛን ይዞ የሚዞር ስለሌለ በባልዲ ይቆጠራል፦ ለአንድ ባልዲ ትርፍራፊ ሁለት ወይም ሦስት ባልዲ ደረቅ ነገር። ክምሩ ከመሬት በላይ ይሠራል፤ ቁመቱም ጎኑም ከ1 ሜትር ባያንስ ይመረጣል፤ ትንሽ ከሆነ ሙቀቱን መያዝ አይችልም። እርጥበቱን ለማወቅ አንድ እፍኝ ጨመቅ ማድረግ ነው፤ አንድ ሁለት ጠብታ ካንጠባጠበ ልኩ ነው፣ ውኃው ከፈሰሰ በዝቶበታል። አጥንት፣ ሥጋና ዘይት የበዛበት ወጥ አይጨመርም፤ አይጥና ውሻ ይጠራል። (በዚህ በኩል ጾም ያግዛል። በሑዳዴ የበርሜሉ ይዘት ይለወጣል፣ በረመዳን ደግሞ የሚሞላበት ሰዓት። ክበቡ ይህንን ካላወቀ ባዶ ባልዲ ይዞ ይመለሳል።)

በትክክል የተሠራ ክምር በቀናት ውስጥ ይግላል። መሀሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስና ለተወሰኑ ቀናት እዚያው ሲቆይ አብዛኞቹ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንና የአረም ዘሮች ይሞታሉ። ቴርሞሜትር ለሌለው ዱላ ይበቃል። መሀል ድረስ ሰክቶ ይተወዋል፤ ሲመዘው ለእጅ የሚያቃጥልና እርጥብ ከሆነ ሥራው እየሄደ ነው። ሞቅ ያለ ግን ደረቅ ከሆነ ውኃ ጠምቶታል። ቀዝቅዞ ከወጣና ከሸተተ ደግሞ ታፍኗልና ይገላበጥ። እኛ ጋ ዱላው የአንድ ሰው ኃላፊነት ነበር፤ ተራ ያዡ “የሙቀት ሚኒስትር” ይባል ነበር።

ጅማ ላይ ግብአት ፍለጋ ሩቅ አያስኬድም። ገበያው ውስጥ ጫት የሚሸጥበት ቦታ ሁሉ ገረባ (ከጫቱ የሚጣለው ትርፍራፊ) አለ፤ ፍየል ካልቀደመ ለጋው እርጥብ ግብአት ነው። የግራቪሊያ ዛፍ ቅጠሉን በየመንገዱ ያራግፋል። ከሁሉም የሚበዛው ግን የቡና ገለፈት ነው። ጀንፈል ቡና (ከነልጣጩ የደረቀው ፍሬ) ሲፈለፈል ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ገለፈት ሆኖ ይቀራል፤ በመፈልፈያዎች አጠገብ እንደ ኮረብታ ተከምሮ ሲቃጠል ወይም ዝናብ ሲያጥበው ይታያል። ገለፈት ፖታሽየም ይበዛበታል። ነገር ግን ጠንካራ ቃጫ፣ ካፌይንና ታኒን (የሚያኮማትር ንጥረ ነገር) ስላለበት ጥሬውን ችግኝ ሥር መጨመር አያዋጣም፤ ብቻውን ሲከመርም በቶሎ አይበሰብስም። ከካፌው ትርፍራፊ ጋር ሲጋባ ግን አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ለእኔ የጅማ ኮምፖስት ማለት ይህ ጋብቻ ነው። ከሌላ ከተማ የመጣን መመሪያ ቃል በቃል መከተል ትርፉ ገለባ ፍለጋ መንከራተት ነው።

ለምን ይደከማል? አንደኛው ምክንያት ጋዝ ነው። አየር በሌለበት የተቀበረ ምግብ ሚቴን ያወጣል፤ ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 28 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል። ሁለተኛው ውኃ ነው። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው አዌቱ ወንዝ ወደ ቦዬ ረግረግ ነው የሚወርደው፤ ባልተነሣ ቆሻሻ ላይ የወረደ ዝናብም አብሮት ይሄዳል።

ሦስተኛው አፈሩ ነው፤ እኔ የማደላው ለዚህኛው ነው። የጅማ ዙሪያ ቀይ አፈር ብዙው አሲዳማ ነው። በአሲዳማ አፈር ውስጥ ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረሱን ጠፍረው ይይዙታል፤ ገበሬው ማዳበሪያ ገዝቶ ቢበትንም ተክሉ የሚያገኘው ጥቂቱን ነው። ኮምፖስት ግን አሉሚኒየሙን በከፊል ያስርለታል፣ እርጥበት ይይዛል፣ አፈሩን ያላላል።

እዚህ ላይ ግን የክበብ ፖስተሮች ያጋንናሉ። ኮምፖስት ዩሪያን በአንድ ለአንድ አይተካም። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። በደረቅ ክብደቱ 1 በመቶ ናይትሮጅን ያለው ኮምፖስት ያንን ያህል ለመስጠት 46 ኩንታል ደረቅ ኮምፖስት ያስፈልጋል፤ የሚለቀውም ቀስ እያለ ነው። የግቢ ክምር ለችግኝ፣ ለጎመንና ለአበባ መደብ እንጂ ለበቆሎ ማሳ አይደርስም። በሰፊው ማሳ ላይ ምን እንደሚሠራ ለማየት ወደ ትግራይ መመልከት ይቻላል። የአካባቢ ጥበቃ ሳይንቲስቱ እነ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ከገበሬዎች ጋር ያካሄዱት ሥራ መሠረቱ ኮምፖስት ነበር። እዚያ ግን የሠራው በየጓሮው ያለ ገበሬ ነው፤ ከብትም፣ ማሳም፣ ዓመቱን ሙሉ የሚቀመጥበት ቤትም አለው። ተማሪ ሦስቱም የሉትም።

በተለይ ሦስተኛው ነው ክምሩን የሚገድለው። ብዙ ክበብ የሚነቃቃው በሁለተኛው መንፈቅ ነው፤ ክምሩ ሚያዝያ ላይ ይጀመራል። ክምር ለመብሰል ሦስት አራት ወር ይፈልጋል። ክረምት ሲገባ ተማሪው ሻንጣውን ይዞ ይወጣል፣ ጅማ ላይ ደግሞ ዝናቡ የሚበረታው ያኔ ነው። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ በሚዘንብበት ከተማ ቆርቆሮ ወይም የኮባ ቅጠል ያልለበሰና የሚያገላብጠው ያጣ ክምር ተመልሶ ያው የእኛ ጉድጓድ ይሆናል።

መፍትሔው የቡናውን የቀን መቁጠሪያ መዋስ ነው። ቡና የሚለቀመው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ገለፈት የሚበዛው ከዚያ በኋላ፣ ዝናቡም ቀለል ብሎ። ታኅሣሥ መጨረሻ ወይም ጥር ላይ የተከመረ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይደርሳል። መጠኑ ወደ ግማሽ ገደማ ወርዶ፣ እንጀራው ከቅጠሉ የማይለይ ሆኖ፣ ክምሩም ቀዝቅዞ ይገኛል። በሰኔ ዝናብ ለሚተከል የቡና ችግኝ ጉድጓድ የሚገባው ያን ጊዜ ነው፤ ተማሪውም ገና ግቢ ውስጥ ነው።

እኛ ይህን ያወቅነው ልንመረቅ ስንል ነው። ሽታ የሌለው ክምር የሠራነው በሦስተኛው ሙከራ ሲሆን፣ ያኔ ከሰባታችን አምስቱ ጂሲ (ተመራቂ) ነበርን። ለሁለተኛ ዓመቶቹ ያስረከብናቸው አካፋውን፣ ዱላውንና አንድ ደብተር ነው። ደብተሩ ላይ ዓምዶቹ አራት ናቸው፦ ቀን፣ ስንት ባልዲ፣ ዱላው ሞቀ ወይስ ቀዘቀዘ፣ ማን ገለበጠ። ከገጹ ራስ ላይ በትልቁ የጻፍነው ደግሞ “በክረምት ጋሼን ጠይቁ” የሚል ነበር።