«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም»፦ እንቅልፍ ላጣም ይነገራል

ወሎ ውስጥ የጧት ሰላምታ ቶሎ አያልቅም። «እንዴት አደራችሁ? ልጆቹስ? ከብቱስ? ጎረቤቱስ?» መልሱ ግን ያው ነው፤ «ደህና፣ አልሐምዱሊላህ» ወይም «እግዚአብሔር ይመስገን»። እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር ያነጋውም ይህንኑ ብሎ ያልፋል።

ለእንዲህ ያለው ሰው ተረት አለን፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ትርጉሙ ብዙ አያመራምርም። ያልተነገረ ሕመም አስታማሚም ሐኪምም አያገኝም ነው ነገሩ። ዕዳውን ለሚደብቅም፣ የትዳር ጠቡን ውስጥ ውስጡን ለሚያምቅም ይነገራል።

እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ሰው ለምን እንደሚደብቅ ነው። በአገራችን ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ዘር ይጣራል። ቁምጥና አለባቸው? እብደትስ? አንዴ «በዘራቸው አለ» የተባለ ቤት ልጅ ለመዳር ይቸገራል። ስለዚህ የታመመው አፉን የሚዘጋው ለእህቱም ለልጁም ሲል ነው። የተረቱ ሥር እዚህ ይመስለኛል። ምክር እንጂ ስድብ የለበትም።

ለአእምሮ ሕመም ደግሞ ልክ የተሰፋለት ነው። ከደሴ ወደ ባቲ ወርዶ ወባ የያዘው ሰው ዝም ቢል መንቀጥቀጡ ያሳብቅበታል። ጭንቀት ግን ነጠላውን ተከናንቦ ለቅሶ ይደርሳል፣ ገበያ ወጥቶ ይመለሳል፣ ቡና ሲጠራም ይመጣል። የሚያሳብቅበት ሌሊቱ ነው።

ጭንቀት የያዘው ሰው ጋደም ቢልም ቶሎ እንቅልፍ አይወስደውም። ድባቴ (የማይለቅ ከባድ ድብርት) ያለበት ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ይነቃና እዚያው ፈጦ ይነጋበታል። ክፉ ያየ ሰው ደግሞ ይቃዣል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ቤቱን ጥሎ የሸሸ ሰው ተኩሱ ካለፈ በኋላም በር ሲንኳኳ ብድግ ቢል አይፈረድበትም። ሌላም አለ፤ ለቀናት እንቅልፍ ለምኔ ብሎ፣ ድካምም ሳይሰማው፣ ወሬውም ዕቅዱም የሚበዛበት። ቤተሰብ «ጎበዝ ሆነ» ይለዋል። አንዳንዴ ግን የከባድ ሕመም መጀመሪያ ነው።

ድሮ እንቅልፍ ማጣት የሌላ በሽታ ጭራ ብቻ ይመስል ነበር። አሁን ነገሩ በሁለቱም በኩል እንደሚሠራ ታውቋል። እንቅልፍ እምቢ ያላቸው ሰዎች ኋላ በድባቴ የመያዝ ዕድላቸው ደህና ከሚተኙት እጥፍ ያህል ነው። ምክንያቱም አይርቅም። ፍርሃትና ቁጣ የሚያስነሣው የአንጎል ክፍል እንቅልፍ ሲጎድል ይቆጣል፤ ልጓም የሚይዘው ክፍል ደግሞ ይዝላል። ሳይተኛ ያደረ አባወራ በተደፋ ሻይ ቤቱን የሚያናውጠው ወድዶ አይደለም።

እዚህ ላይ ወሎዬ ወዳጆቼ ባይከፉ እወዳለሁ። ከአቦል እስከ በረካ ማታ የተጠጣ ቡና በዋዛ አይለቅም፤ ከካፌይኑ ግማሹ ከ5 ሰዓት ያህል በኋላም ሰውነት ውስጥ አለ። ጫቱማ የባሰ ነው። ምርቃናው ሌሊቱን ይበላል፤ ያቋረጠውን ደግሞ ዱካክ የሚሉት ቅዠት ያስጨንቀዋል።

እንግዲህ ተረቱ «ተናገር» ይላል። ግን ምን ብሎ? «አእምሮዬን አሞኛል» ማለት ከባድ ነው። «እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል» ማለት ግን ማንንም አያሳፍርም፣ ዘርም አያስቆጥርም። ቡና ላይ ይህን ላለ ሰው «አብሽር» ይባላል። ደስ የሚል ቃል ነው። እኔ ግን «ከመቼ ጀምሮ?» የሚል ጥያቄ ቢከተለው እመርጣለሁ። በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ፣ ለ3 ወር ከቆየ ሥር የሰደደ ይባላል። እስከዚያ ግን መጠበቅ የለበትም፤ የቀን ሥራን ካወከ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። እዚያም «እንቅልፍ የለኝም» ብሎ መጀመር ይቻላል፤ ሌላውን ሐኪሙ ራሱ ይጠይቃል። ዱዓውም ጸበሉም ይህን አይከለክልም።

ብዙ ሰው ክኒን ይጠብቃል። ለቆየ እንቅልፍ ማጣት ግን መጀመሪያ የሚመከረው የአተኛኘት ልማድንና ሐሳብን የሚያርም የንግግር ሕክምና ነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መነሣት፣ እንቅልፍ ካልመጣ መገላበጡን ትቶ ከአልጋ መውረድ፣ ሲያንጎላጅ መመለስ፣ የቀን እንቅልፍን መቀነስ ከዚያ ውስጥ ናቸው። ሌሊት ነቅቶ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ የሚመላለስበት ሰው ግን ይህን ሁሉ አይሞክር። ብቻውን ሳይተዉት፣ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይውሰዱት።