ባይተዋርነት ምንድን ነው? በገዛ ቤት እንግዳ መሆን

ባይተዋር ሲባል ቶሎ የሚታየን ዘመድ አልባ ሆኖ ሰው አገር የተቀመጠ ሰው ነው። ሞደርኒስት የሚባሉት፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተለመደውን አተራረክ የጣሱት ልብ ወለዶች ግን ባይተዋሩን ቤቱ ውስጥ ያስቀምጡታል። እናት አለች፣ ወንድም አለ፣ ማዕዱም አንድ ነው። ግን አንዱ ሌላውን አያውቀውም።

እነዚህ ደራሲዎች «አይዋደዱም ነበር» ብለው አይነግሩንም፤ አተራረኩን ራሱን ይበታትኑታል። አሜሪካዊው ዊልያም ፎክነር በ1929 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመውን «ዘ ሳውንድ ኤንድ ዘ ፊውሪ»ን እንይ። ሚሲሲፒ ውስጥ ያለ የኮምፕሰን ቤተሰብ ታሪክ ነው። ሦስት ወንድማማቾች፣ ቤንጂ፣ ኩዌንቲንና ጄሰን፣ አንዳንድ ክፍል ይዘው ለየብቻቸው ይተርካሉ። ሁሉም የሚያወሩት ስለ እህታቸው ስለ ካዲ ነው። እሷ ግን የራሷ ክፍል የላትም። (መጽሐፉ ከባድ ነው። እኔም ሁለት ጊዜ ጀምሬ ጥዬዋለሁ።)

ቤንጂ 33 ዓመቱ ነው፤ አእምሮው ግን የሕፃን ነው፣ አፍ አልፈታም። የቤተሰቡ የግጦሽ መሬት ተሽጦ የጎልፍ ሜዳ ሆኗል። ተጫዋቾቹ ዱላ የሚሸከምላቸውን ልጅ «ካዲ!» እያሉ ይጣራሉ፤ በእንግሊዝኛ የሥራው ስም ነው። ቤንጂ አጥሩ ሥር ቆሞ ያለቅሳል። ለእሱ የተጠራችው እህቱ ናት። መሬቱስ ለምን ተሸጠ? ለካዲ ሠርግና ለኩዌንቲን የሃርቫርድ ትምህርት። ትዳሩ ፈረሰ፤ ኩዌንቲን ራሱን አጠፋ።

ፍቅርስ? ሞልቷል እኮ። ችግሩ ሁሉም የሚወደው ከእሷ የሚያገኘውን ነው። ቤንጂ እቅፏን ይፈልጋል። ኩዌንቲን የቤተሰቡን ክብር በእሷ ድንግልና ላይ ሰቅሎታል። ጄሰንን የሚቆጨው ባሏ ቃል የገባለት የባንክ ሥራ ነው። ባሏ ደግሞ ስታገባው አርግዛ እንደነበረና ፅንሱ የእሱ እንዳልሆነ ሲያውቅ ተዋት። «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» ያላት የለም።

ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው የቼኩ ነገር ነው። ካዲ እናቷ ቤት ለምታድገው ልጇ ማሳደጊያ በየወሩ ቼክ ትልካለች። እናቲቱ «የእሷን ገንዘብ አልነካም» ብላ ቼኩን ታቃጥላለች። የምታቃጥለው ግን ጄሰን ያዘጋጀውን የውሸት ቼክ ነው። እውነተኛውን እሱ መንዝሮ ኪሱ ይከታል። እናት ክብሯን የጠበቀች ይመስላታል፤ ልጅ ይሰርቃል፤ የልጅ ልጅ ምንም አይደርሳትም።

የካዲ ስም በዚያ ቤት እንዳይነሳ እናቲቱ ከልክላለች። ከአጥሩ ማዶ ግን ቀኑን ሙሉ ይጠራል።