«ኮንስት ካልኩ አይቀየርም» እና ሌሎች ኢንተርቪው ላይ የሚጥሉ እምነቶች

ከባሕር ዳር ወይም ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ የፍሮንት ኤንድ (ተጠቃሚው የሚያየውን የድረ ገጽ ክፍል የመሥራት) ሥራ የሚፈልግ ልጅ ኢንተርቪው ሲደርስበት መጀመሪያ የሚያደርገው ከቴሌግራም የጥያቄና መልስ ፒዲኤፍ አውርዶ መሸምደድ ነው። ትርጉም ብቻ ከተጠየቀ ያልፋል። ጠያቂው አምስት መስመር ኮድ ለጥፎ «ይሄ ምን ያወጣል? ለምን?» ያለ ቀን ግን ጉድ ይፈላል። እዚያ ላይ ደጋግመው የሚጥሉት እነዚህ ናቸው።

«መጀመሪያ ሪአክት፣ ጃቫስክሪፕቱ በኋላ ይደርሳል»

አይደርስም። ሪአክት የጃቫስክሪፕት፣ ማለትም የድረ ገጽ ፕሮግራሚንግ ቋንቋው፣ ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ኮድ) ነው። ለሕዝብ የተለቀቀው በ2013 እ.ኤ.አ. ሲሆን ጃቫስክሪፕት ግን ከ1995 ጀምሮ አለ። «አሬዩ (ዝርዝሩ) ላይ ፑሽ አድርጌ (አንድ ነገር ጨምሬ) ስቴቱን (ገጹ የሚያስታውሰውን መረጃ) አደስኩ፣ ስክሪኑ ግን አልተቀየረም፤ ለምን?» የምትለዋ የተወደደች ጥያቄ መልሷ ያለው ጃቫስክሪፕት ውስጥ ነው። ሪአክት የሚያየው አሬዩ ያው የድሮው መሆን አለመሆኑን ነው፤ ውስጡን አይበረብርም። ስለዚህ አዲስ አሬይ ሠርታችሁ ስጡት።

«ኮንስት ካልኩ አይቀየርም»

ኮንስት፣ ለአንድ ነገር ስም ስንሰጥ የምንጽፈው ቃል፣ የሚያስረው ስሙን ነው። ያን ስም ወስዳችሁ ለሌላ ነገር መስጠት አትችሉም። ስሙ የያዘው ኦብጀክት (ስም ያላቸው መረጃዎች ስብስብ) ወይም አሬይ ውስጡ ግን እንደልብ ይቀየራል። «ፍሪዝ አደርገዋለሁ (እንዳይለወጥ እቆልፈዋለሁ)» የሚል ይኖራል። እሱም የላይኛውን ደረጃ ብቻ ነው የሚቆልፈው፤ ኦብጀክት ውስጥ ያለ ኦብጀክት አሁንም ክፍት ነው።

«ሶርት ቁጥር በቅደም ተከተል ያስቀምጣል»

ይቺ ብዙ ሰው ትበላለች። ቡሬ ላለ የእህል ነጋዴ ገጽ እየሠራችሁ ነው እንበል። የኩንታል ጤፍ ዋጋዎቹን 9500፣ 14000፣ 12000 ብላችሁ ሶርት (የአሬይ መደርደሪያውን ትእዛዝ) ጠራችሁ። የሚመጣላችሁ 12000፣ 14000፣ 9500 ነው። ርካሹ መጨረሻ ተቀመጠ! ምክንያቱም ሶርት ካልነገራችሁት በቀር ሁሉንም ወደ ስትሪንግ (ጽሑፍ) ለውጦ እንደ ፊደል ነው የሚያወዳድረው፤ 1 ደግሞ ከ9 ይቀድማል። መፍትሔው ከመጀመሪያው ቁጥር ሁለተኛውን ቀንሶ የሚመልስ ፈንክሽን መስጠት ነው። ሌላም ነገር አለ፤ ሶርት ዋናውን አሬይ ራሱን ነው የሚያተራምሰው። ኮፒ ሳታደርጉ ስቴት ላይ ከጠራችሁት ከላይ ያልነው የሪአክት ጣጣ ተመልሶ ይመጣል።

«ሦስት እኩል ይሆናል ከተጠቀምኩ ማወዳደር አለቀ»

== ዓይነት እየለወጠ ያወዳድራል፣ === አይለውጥም። ይሄን ሁሉም ይመልሳል። የአማርኛ ስም ፍለጋ ስትሠሩ ግን አይበቃችሁም። ደንበኛው «ኃይሉ» ብሎ ተመዝግቦ ፈላጊው «ሀይሉ» ብሎ ቢጽፍ ሁለቱም ማወዳደሪያ ፎልስ ነው የሚላችሁ። ለኛ አንድ ሰው ነው፤ በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት) ግን ኃ እና ሀ የተለያየ ቁጥር አላቸው። የጃቫስክሪፕቱ ኖርማላይዝም (የአንድ ፊደል የተለያዩ አጻጻፎችን አንድ የሚያደርገው ትእዛዝ) አያስታርቃቸውም። ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ከነ ቤተሰቦቻቸው፣ እንዲሁም ሃን፣ ሓንና ኃን ወደ ሀ፣ ኣንና ዓን ወደ አ የምትመልስ ትንሽ ፈንክሽን ራሳችሁ ጻፉ። በእኔ እይታ ኢንተርቪው ላይ ይሄን ምሳሌ የሚያነሳ ልጅ ከሸምዳጁ በግልጽ ይለያል።

«0.1 + 0.2 ላይ ጃቫስክሪፕት ይሳሳታል»

0.30000000000000004 ማምጣቱ እውነት ነው። ፓይተንም ጃቫም ያው ነው የሚያመጡት። አስርዮሹ በሁለትዮሽ በትክክል ስለማይጻፍ ነው። ለብር ሒሳብ በሳንቲም፣ ማለትም በሙሉ ቁጥር ሥሩ።

«ሴት ታይምአውት ዜሮ ማለት አሁኑኑ ማለት ነው»

ሴት ታይምአውት ፈንክሽንን ከተባለው ጊዜ በኋላ እንዲሮጥ የሚያዝ ትእዛዝ ነው። የገጹ ጃቫስክሪፕት የሚሮጠው በአንድ ትሬድ (አንድ የሥራ መስመር) ነው። መናኸሪያን አስቡት። ዜሮ ያላችሁት ፈንክሽን ቢቸኩልም ተራ አስከባሪው ሰልፍ ያስገባዋል፤ የተጀመረው ሥራ ሳያልቅ አይነሳም። ፕሮሚስ (በኋላ የሚደርስ ውጤት መያዣ) ደግሞ የራሱ ሰልፍ አለው፤ ቅድሚያም ለእሱ ነው። ስለዚህ «ሀ»ን በቀጥታ፣ «ለ»ን በሴት ታይምአውት ዜሮ፣ «ሐ»ን በፕሮሚስ፣ «መ»ን በቀጥታ ብታወጡ የምታዩት ሀ፣ መ፣ ሐ፣ ለ ነው። ፈንክሽን ፊት የሚጻፈው አሲንክ የሚለው ቃልም ተአምር አይሠራም። ውስጡ ከባድ ሉፕ (ደጋግሞ የሚሮጥ ኮድ) ካለ ገጹ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

«ሲኤስኤስ አይጠየቅም»

ይጠየቃል። ሲኤስኤስ የገጹን መልክ የሚወስነው ቋንቋ ነው። ዊድዝ (ስፋት) 300፣ ፓዲንግ (የውስጥ ክፍተት) 20፣ ቦርደር (ጠርዝ) 1 ፒክስል የሆነ ሳጥን ስክሪን ላይ የሚይዘው ስፋት ስንት ነው? 300 አይደለም፤ 342 ነው። ፓዲንጉና ቦርደሩ በግራም በቀኝም ይደመራሉ። 300 ላይ እንዲቆም ቦክስ ሳይዚንጉን ቦርደር ቦክስ በሉት።

«ዲቭም በተን ሊሆን ይችላል»

ዲቭ የገጽ ተራ ሳጥን ነው፤ ክሊክ ካስገባችሁበት በማውስ ይሠራል። ታብ እየተጫነ የሚሄድ ሰው ግን አይደርስበትም፤ ኢንተርም ስፔስም አይሰማም። ስክሪን ሪደርም (ገጹን ለዓይነ ስውራን ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም) በተን መሆኑን አይናገርም። የኤችቲኤምኤሉ በተን ይሄን ሁሉ ያለ አንድ መስመር ጃቫስክሪፕት ይሰጣችኋል።