ከስታ ሳለች ገንፎው ለምን ተከለከለ?

ደሴ ላይ ልጅ ሆስፒታል ሲተኛ ዘመድ አዝማዱ ገንፎ በቅቤ ይዞ ከተፍ ይላል። ባዶ እጅ መጠየቅ ነውር ነዋ! አኖሬክሲያ ነርቮዛ (መወፈርን ፈርቶ ምግብ የመተው የአእምሮ ሕመም) ያለባት ልጅ ጋ ግን ነርሷ «እናትዬ፣ ቀስ ይበሉ» ትላለች። ጭካኔ አይደለም። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት ድንገት ብዙ ምግብ ሲያገኝ ኢንሱሊን የተባለው ሆርሞን ይጨምራል። ኢንሱሊኑ ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም የተባሉትን ማዕድናት ከደም ወደ ሴል ይስባል። ደም ውስጥ ሲያንሱ የልብ ምት ይዛባል፤ ሊገድልም ይችላል። «ሪፊዲንግ ሲንድረም» የሚሉት ይሄንን ነው። ስለዚህ ምግቡ በሐኪም ልክ ይጀመራል፣ ደሟ እየታየ ከፍ ይላል። ከልክ በላይ ማሳነሱም ይጎዳታል።

በነገራችን ላይ፣ ካርድ ላይ «አኖሬክሲያ» ብቻ ከተጻፈ የምግብ ፍላጎት ማጣት ነው፤ በቲቢም ይመጣል። «ነርቮዛ» ሲጨመርበት ሌላ ነው፦ ልጅቷ ልትራብ ትችላለች፣ ግን መወፈርን ትፈራለች።