ቴዘር፦ በቆመጥና በክላሽ መካከል (ከሰሜን ሸዋ ሲታይ)

ቴዘር ፖሊስ ሰውን በኤሌክትሪክ ነዝሮ ለጊዜው ከእንቅስቃሴ የሚገታበት የእጅ መሣሪያ ነው። ሽጉጥ ይመስላል። ቃታው ሲሳብ በተጨመቀ ጋዝ ኃይል ሁለት ትናንሽ ሹሎች ይወረወራሉ፤ ሹሎቹ በቀጭን ሽቦ ከመሣሪያው ጋር የተያያዙ ናቸው። ሁለቱም ከተሰኩ ጡንቻ ለ5 ሰከንድ ያህል ይኮማተርና ሰውየው ባለበት ይወድቃል። ቃታው ተይዞ ከቆየ ንዝረቱም ይቀጥላል። መሣሪያውን ገላ ላይ አስጠግቶ መንዘርም ይቻላል። ያኔ ግን ሥራው በአብዛኛው ማሳመም ብቻ ነው።

የፈለሰፈው አሜሪካዊው ጃክ ከቨር ሲሆን ጊዜው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነበር። ዛሬ በብዙ አገር ፖሊስ ወገብ ላይ የሚታየውን የሚያመርተው አክሰን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው።

ሰሜን ሸዋ ሲባል ሁለት ዞን አለ፤ አንዱ መቀመጫው ደብረ ብርሃን የሆነው የአማራ ክልል ዞን፣ ሌላው መቀመጫው ፍቼ የሆነው የኦሮሚያ ዞን። በሁለቱም ሰው ፖሊስ እጅ ላይ ማየት የለመደው ቆመጥና ክላሽ ነው። መጠጥ ቤት ውስጥ አንዱ ቢላ መዘዘ እንበል። የፖሊሱ ምርጫ መነጋገር፣ በቆመጥ መምታት ወይም መተኮስ ነው። የቴዘር ደጋፊዎች ክርክር እዚህ ቶሎ የሚገባው ለዚህ ነው። ከሩቅ ሆኖ ቢላ የያዘን ሰው መጣል የሚያስችል ነገር ካለ፣ ጥይት ምን ያደርጋል? ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። በቴዘር ወድቆ የተነሳ ሰው በክላሽ ቢመታ ኖሮ ላይነሳ ይችል ነበር።

ዋናው ጥያቄ ግን መሣሪያው በተግባር የሚተካው ምንን ነው የሚለው ነው። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በለንደን ከተማ ፖሊስ ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ቴዘር የታጠቁ ፖሊሶች በተሰማሩባቸው ፈረቃዎች የኃይል አጠቃቀም በ48 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። የሚገርመው ቴዘሩ ራሱ የተተኮሰው እጅግ ጥቂት ጊዜ ነው። መታየቱ ብቻ ነገሩን ሳያካርረው አልቀረም። ወደኛ ስናመጣው ስጋቱ ግልጽ ነው፦ ክላሹ ትከሻ ላይ እንደተንጠለጠለ ይቀራል፤ ቴዘሩ የሚመዘዘው ቀድሞ በንግግር ይበርድ በነበረ ጠብ ላይ ይሆናል።

ሁለተኛው ነገር ሞት ነው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2012 በአሜሪካ ቢያንስ 500 ሰዎች በቴዘር ከተነዘሩ በኋላ መሞታቸውን መዝግቧል። አምራቹ የብዙዎቹ መንስኤ ዕፅ ወይም የልብ ሕመም ነው ሲል ይሟገታል። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2009 ፖሊሶች ደረት ላይ ከማነጣጠር እንዲቆጠቡ ራሱ መክሯል። መውደቁም ይገድላል፤ ጡንቻ ሲቆለፍ ሰው እጁን ዘርግቶ ጭንቅላቱን ማዳን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2023 በአውስትራሊያ የ95 ዓመት አዛውንት በቴዘር ተመትተው ወደቁ፤ ጭንቅላታቸው ተጎድቶ ሞቱ፤ ፖሊሱም በቀጣዩ ዓመት በሰው መግደል ጥፋተኛ ተባለ። ይህን ከጣርማበር ገደልና ከአንኮበር ዳገት ጋር አስቡት።

ብርዱም አለ። ሹሎቹ ወፍራምና ሰፊ ልብስ ላይ ብዙ ጊዜ ይከሽፋሉ። የመንዝ ሰው ደግሞ ከበግ ፀጉር የተሠራ ባና ለብሶ ነው ጠዋት የሚወጣው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢና ካፖርት ይደራረባል። ከከሸፈ በኋላ ፖሊሱ ምን ይመዛል? ክላሹን ነው።

በውጭ አገር ተሞክሮ ቴዘር አዘውትሮ ከሚያርፍባቸው መካከል የአእምሮ ሕመምተኞች ይገኙበታል። ሰሜን ሸዋ እንደ ሸንኮራ ዮሐንስና ጻድቃኔ ማርያም ያሉ ታላላቅ የጸበል ቦታዎች ያሉበት አገር ነው፤ ቤተሰብ ከየአቅጣጫው የታመመበትን ይዞ ይመጣል። ትእዛዝ ሰምቶ መታዘዝ ያቃተውን ሰው በኤሌክትሪክ መንዘር፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ በግልጽ መከልከል ያለበት ነው።

በሕግ በኩል የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበትና ኢሰብዓዊ አያያዝን ይከለክላል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን ፀረ ማሰቃየት ስምምነትም እ.ኤ.አ. በ1994 ተቀብላለች። የዚያው ስምምነት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ፖርቱጋል ሲናገር፣ ኤክስ26 የተባለው የቴዘር ሞዴል የሚያስከትለው ብርቱ ሕመም የማሰቃየት ዓይነት ነው ብሏል። ገላ ላይ ተጠግቶ መንዘር በተለይ ያስፈራል። የደርግን ወፌ ላላ የሚያስታውሱ ሰዎች ገና በሕይወት አሉ፤ ያ ግርፋት ውስጥ እግር ላይ ምልክቱን ይተው ነበር። ኤሌክትሪክ የሚተወው ምልክት ትንሽ ነው፤ ፍርድ ቤት የሚቀርብ እስረኛ የሚያሳየው ነገር ሊያጣ ይችላል።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆን ነገር መሣሪያው ውስጥ አለ። ዘመናዊ ቴዘር ቃታው መቼ እንደተሳበና ስንት ሰከንድ እንደተያዘ ይመዘግባል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2016 የሞተው የቀድሞ እግር ኳስ ተጫዋች ዳልያን አትኪንሰን ለ33 ሰከንድ መነዘሩ በችሎት ተነግሯል፤ ጭንቅላቱን በእርግጫ የመታው ፖሊስም 8 ዓመት ተፈረደበት። ቴዘር ደብረ ብርሃን ወይም ፍቼ ከገባ፣ ይህ መዝገብ በጣቢያው ኃላፊ መሳቢያ ውስጥ መቅረት የለበትም። ለተጎጂው፣ ለጠበቃውና ለፍርድ ቤቱ በጠየቁበት ቀን መሰጠት አለበት።