«የመቃብር ሸክላ» ምንድን ነው? የማያ ዋንጫስ ለምን አይደለም?

ሰሞኑን በአንድ የማያ (የመካከለኛው አሜሪካ ጥንታዊ ሕዝብ) ዋንጫ ፎቶ ስር አንድ አስተያየት ሰጪ «ለሙታን ተብሎ የተሠራ የመቃብር ሸክላ» ብሎ ጻፈ። ይህን አባባል ደግሜ ደጋግሜ ስላየሁት ዛሬ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የመቃብር ሸክላ ማለት ከመጀመሪያው ለሟች ታስቦ የተሠራ ዕቃ ነው። ከመቃብር የወጣ ሁሉ ግን የመቃብር ሸክላ አይደለም። አንድ አባት በሚወዱት ጋቢ ተጠቅልለው ቢቀበሩ፣ ጋቢው መግነዝ እንዲሆን ተሸመነ አይባልም። ሸማኔው ሲሸምነው ያሰበው ብርዱን ነው። ምናልባትም ልጃቸው ሲዳር የተበረከተላቸው ነው። ጠርዙ ሳስቷል፤ አንዱ ጫፍ ላይ ቡና ፈሶበታል። የማያ ዋንጫም እንደዚያው የኖረ ዕቃ ነው። እንዲያውም የሱ ጥለት ይናገራል።

ጥለት ያልኩት ከዋንጫው አፍ ስር ዙሪያውን የሚሄደውን ጽሑፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ማይክል ኮ የተባሉት ምሁር ጽሑፉ ለሙታን የሚደገም ጸሎት ሊሆን እንደሚችል ገምተው ነበር። ያኔ የሚያነበው ስላልነበረ አልፈርድባቸውም። በ1980ዎቹ ግን የማያ ጽሑፍ አጥኚዎቹ እነ ዴቪድ ስቱዋርት፣ ስቲቨን ሂውስተንና ካርል ታውቤ ምስጢሩን ፈቱት። ጽሑፉ የባለቤትነት ምልክት ሆኖ ተገኘ። ዋናው ቃል «ዩቂብ» ነው። «ኡቅ» መጠጣት ነው። «ኢብ» ሲጨመርበት የመጠጫ ዕቃ ይሆናል። ፊት ላይ ያለችው «ይ» ደግሞ «የእሱ» ማለት ናት። በአማርኛ በአንድ ቃል ያልቃል፦ መጠጫው። ቀጥሎ «ካካው» ይላል፤ ቸኮሌት የሚሠራበት ካካዎ ነው። ከዚያ የባለቤቱ ስም ይመጣል። የእገሌ የካካዎ መጠጫ። ታዲያ ጸሎቱ የታለ?

ይበልጥ የሚያሳምነኝ በቤሊዝ፣ ቡዌናቪስታ ዴል ካዮ የተገኘው ዋንጫ ነው። የተገኘው በአንድ ወጣት መቃብር ውስጥ ነው። የተጻፈበት ስም ግን ፍርስራሿ ዛሬ ጓቲማላ ውስጥ የሚገኘው የናራንሆ ከተማ ንጉሥ፣ የቃህቅ ቲሊው ቻን ቻህክ ነው። ይህ ንጉሥ እ.ኤ.አ. በ693 ነው የነገሠው። የናራንሆ ንጉሥ መጠጫ ቡዌናቪስታ ምን ሊሠራ ሄደ? አብዛኞቻችን ስጦታ ነበር እንላለን። ነገሥታት ድግስ ይደግሳሉ፣ ካካዎ ይቀዳል፣ እንግዳውም ዋንጫ ይዞ ይሄዳል። ወዳጅነትም ግዴታም አብሮት ይሄዳል። ዋንጫው ወደ መቃብር የወረደው በመጨረሻ ነው።

«ታዲያ ለምን ሁሉም ከመቃብር ይወጣሉ?» ይሉኛል። ሁሉም አይወጡም። መቃብር ሳይሰበር ያቆያል እንጂ በቤተ መንግሥት ቆሻሻ መጣያ ውስጥም የዚህ ዓይነት ዕቃ ገሎች ይገኛሉ። ገል ግን ለፎቶ አያምርም። ደግሞ ሙዚየም ውስጥ ካሉት ብዙዎቹ ዘራፊዎች ያወጧቸው ናቸው። ከየትኛው ጉድጓድ፣ ከማን አጠገብ እንደተነሱ የሚነግረን የለም። ሥዕላቸው ለገበያ ሲባል የተነካካም አለ።

ስለ አሠራሩ ብዙ አልልም። የሸክላ መሽከርከሪያ አልነበራቸውም፤ ጭቃውን እንደ ገመድ አንከባለው እየደራረቡ ያቆሙታል። የሚያብረቀርቀውም መስታወት መሰል ልባጥ ስለተቀባ አይደለም። በቀጠነ የሸክላ ጭቃ ተቀብቶ፣ ተወልውሎ ነው የሚተኮሰው። ስለዚህ ግድግዳው የተቀዳበትን ወደ ውስጡ ይስባል። እ.ኤ.አ. በ1984 ሪዮ አዙል በተባለው ቦታ፣ ጓቲማላ ውስጥ፣ ክዳኑ እየተጠመዘዘ የሚቆለፍ ማሰሮ ከመቃብር ተገኘ። ላዩ ላይ «ካካው» ተጽፎበታል። ቅሪቱ ሲመረመር በካካዎ ውስጥ ያሉት ቴዎብሮሚንና ካፌይን ተገኙበት። እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ አለብኝ፦ ቅሪት ምን እንደተቀዳ እንጂ መቼ እንደተቀዳ አይናገርም። ለቀብሩ ቀን የተቀዳም ሊሆን ይችላል።

ለአምልኮ ተብሎ የተሠራ ሸክላስ የለም? በደንብ አለ። የኮፓል ዕጣን የሚጨስባቸው ትልልቅ ማጨሻዎች አሉ። አፍ ለአፍ ተገጥመው፣ መሥዋዕት በውስጣቸው ይዘው ከወለል ስር የተቀበሩ ጎድጓዳ ሳህኖችም አሉ። በመቃብር ደግሞ መሃላቸው የተበሳ ባለሥዕል ሳህኖች ይገኛሉ፤ አንዳንዱ በሟቹ ራስ ላይ ተደፍቶ። አስተያየት ሰጪው ይሄንን ቢያነሳብኝ ደስ ይለኝ ነበር። ቀዳዳው የተበሳው ሳህኑ ተሥሎ፣ ተተኩሶ ካለቀ በኋላ ነው። ሠዓሊው የለፋበትን ሥዕል ቀዳዳው መሃል ለመሃል ይበሳዋል፤ ስለዚህ ሳህኑም ከመጀመሪያው ለሟች ታስቦ የተሠራ አይመስልም።