ከሹራብ በፊት የሚሠራ ሹራብ

የሹራብ ሥራ አንድን የማይቋረጥ ክር በሁለት መርፌ እየያዙ፣ ቀለበትን በቀለበት ውስጥ እያሳለፉ ጨርቅ የማውጣት ጥበብ ነው። አማርኛ ለጥበቡም ለልብሱም አንድ ስም መስጠቱ ጀማሪን ያሳስታል። «ሹራብ ልማር» ያለ ሰው ወዲያውኑ እጅጌና አንገት ያለው ልብስ ይታየዋል። ክሩን በብዛት ይገዛል፣ የጀርባውን ግማሽ ይሠራል፣ ከዚያም በፌስታል ጠቅልሎ አልጋ ሥር ያስቀምጠዋል። በግብፅ ዐረብኛ ሹራብ የሚባለው ካልሲ ነው። እስካሁን ከታወቁት ጥንታዊ የሹራብ ሥራዎች መካከልም ከግብፅ የተገኙ፣ ከ11ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ የተሠሩ ነጭና ሰማያዊ የጥጥ ካልሲዎች ይገኛሉ። እኛ ካልሲን ከጣሊያንኛ ስለወሰድን ሹራብ ሥራ ፈትቶ ከእግር ወደ ደረት ወጣ ብሎ መቀለድ ይቻላል።

ሽመና ድርና ማግን አቋርጦ ያስተሳስራል፤ ሹራብ ግን ሁሉም ነገሩ ቀለበት ነው። ነጠላ የማይለጠጠው፣ ካልሲ ግን ተረከዝ ላይ ተስቦ ተመልሶ የሚሰበሰበው በዚህ ምክንያት ነው። በብዙ የአዲስ አበባ ሳሎኖች ቴሌቪዥኑንና የሶፋውን ክንድ ያለበሰው ዳንቴል ደግሞ የኪሮሽ ሥራ ነው። ኪሮሽ አንድ መንጠቆ ብቻ ስላለውና ብዙውን ጊዜ አንድ ቀለበት ብቻ ስለሚይዝ፣ ስሕተት ሲፈጠር መተርተርና መቀጠል ቀላል ነው። በሹራብ ግን ሠላሳና አርባ ቀለበት በአንድ ጊዜ መርፌው ላይ ይሰለፋል፤ አንዱ ቢያመልጥ መስመር በመስመር ወደ ታች ይወርዳል። ያም ሆኖ ዳንቴል የምትሠራ እናት ወይም አክስት ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ ክርን በጣት መካከል አጥብቆም አላልቶም የመያዝ ልክ በቃል ከሚነገር ይልቅ አጠገብ ተቀምጦ በማየት ይገባል።

ከተማይቱ ለዚህ ሥራ ምክንያት አታሳጣም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ሰውን ቤት ያውላል፤ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሰኘው ብርድ ይመጣል። ሰኔ ላይ የተጀመረ የአንገት ልብስ፣ ሠሪው ሰነፍ ካልሆነ፣ ለጥቅምት ይደርሳል።

ክርና መርፌ ፍለጋ የሚጀመረው አብዛኛውን ጊዜ ከመርካቶ ነው። ፒያሳ ቀድሞ የስፌት ዕቃ የሚገዛበትን ሱቅ የሚያስታውስ ሰው ዛሬ ቦታውን ላያገኘው ይችላል፤ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ብዙ የቆዩ ቤቶች ፈርሰዋል። ለጀማሪ የሚስማማው ከ4.5 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መርፌና ከዚሁ ጋር የሚሄድ መካከለኛ ውፍረት ያለው ክር ነው። ቀጭን መርፌ ሥራውን ያዘገያል፣ ተስፋም ያስቆርጣል። ከድሮ ሰው የተወረሰ የእንግሊዝ መርፌ ላይ የተጻፈው ቁጥር ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን መርፌው ይቀጥናል። የክሩ ቀለም ነጣ ያለ ይሁን። ጥቁርና ጥልቅ ሰማያዊ ቆሻሻ ቢችሉም ቀለበቶቹን ይደብቃሉ፣ በተለይም መብራት በጠፋ ማታ።

አዲስ ክር ለተወደደበት ሰው ልባሽ ጨርቅ ተራ ሌላ የክር መጋዘን ነው። አሮጌ ሹራብ ተርትሮ ክሩን መልሶ መጠቀም ይቻላል፤ ዋናው ነገር ሲገዙ ገልብጦ የጎኑን ስፌት ማየት ነው። ሁለቱ ጠርዞች እያንዳንዳቸው ሳይቆረጡ ተሠርተው በክር የተያያዙ ከሆነ ስፌቱ ሲፈታ ሹራቡ ከላይ ወደ ታች እንደ ልቃቂት ይወጣል። ጠርዙ በመቀስ ተቆርጦ በመኪና የተዘመዘመ ከሆነ ግን እያንዳንዱ መስመር ጫፉ ላይ ስለተበጠሰ የሚገኘው የአንድ ክንድ ቁርጥራጭ ክር ብቻ ነው። በልብስ ማጠቢያ ማሽን ተፈትጎ እንደ ጨርቅ የተያያዘ ሱፍም አይተረተርም። የተተረተረው ክር እንደ ተጠበሰ ፓስታ የተጨማደደ ይሆናል። በወንበር መደገፊያ ላይ ጠምጥሞ፣ አራት ቦታ ላላ አድርጎ አስሮ፣ ለብ ባለ ውኃ አጥቦ መስቀል ያቃናዋል።

ስልቱ ሁለት ብቻ ነው። በአንደኛው ክሩ ከኋላ ሆኖ መርፌው ከፊት ወደ ኋላ ይገባል፤ በሁለተኛው ክሩ ወደ ፊት መጥቶ መርፌው ከኋላ ወደ ፊት ይገባል። የዓለም ሹራብ በሙሉ፣ የተጠማዘዘ ገመድ የሚመስለው ጌጥም ሳይቀር፣ በእነዚህ ሁለቱ ላይ የቆመ ነው። ጀማሪ ግን ሁለተኛውን ለጊዜው ሊረሳው ይችላል። ሁሉንም መስመር በአንደኛው ስልት ብቻ ሲሠሩ በሁለቱም ገጽ አንድ ዓይነት፣ የማይጠቀለልና ወፈር ያለ ጨርቅ ይወጣል። ሁለቱን በየመስመሩ ሲያፈራርቁ የሚገኘው፣ የሱቅ ሹራብ የሚመስለው ልሙጥ ገጽ ያምራል፤ ጠርዙ ግን እንደ ደረቀ ቅጠል ስለሚጠቀለል የአንገት ልብስ ልሥራበት ያለውን ጀማሪ ያሳፍረዋል።

የመጀመሪያው ሥራ አራት ማዕዘን ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለምሳሌ የጀበና ወይም የድስት መያዣ። ይህ የግድ ከጥጥ ክር መሆን አለበት፤ በየሱቁ የሚበዛው አክሪሊክ ሰው ሠራሽ በመሆኑ ትኩስ ነገር ሲነካው ይቀልጣል። 36 ቀለበት ጀምሮ፣ ርዝመቱ ከስፋቱ እስኪተካከል ሠርቶ፣ የመጨረሻዎቹ ቀለበቶች እንዳይተረተሩ መዝጋት ብቻ ነው። እዚህ ላይ የሚመጣው የታወቀ ችግር ሳይታሰብ መስፋት ነው፤ 36 የነበረው ቀለበት 41 ሆኖ ይገኛል፣ ጨርቁም እንደ ቀሚስ ወደ ታች ይሰፋል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ መስመሩ ሲጀመር ክሩ በመርፌው ላይ ዞሮ አንዱ ቀለበት ሁለት መምሰሉ ነው። መድኃኒቱ በየመስመሩ መጨረሻ መቁጠር ነው፣ ቢሰለችም።

የአንገት ልብስ ያው አራት ማዕዘን ረዝሞ ነው፤ ከ30 እስከ 36 ቀለበት፣ ርዝመቱ 150 ሴንቲ ሜትር ገደማ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ወይም የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ የክለቡን ቀለማት በየሃያ መስመሩ እያፈራረቀ ሊሠራው ይችላል። ትናንሽ አራት ማዕዘኖችን ሰፍቶ ለአራስ ልጅ ብርድ ልብስ ማውጣትም አለ። የዚህ ጥሩነቱ ሥራው ቦርሳ ውስጥ መግባቱና የተበላሸው አንዱ ቢጣል ሌላው አለመጎዳቱ ነው። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ግን አይሞከርም፤ አራት ሰው በተጠጋጋበት የኋላ ወንበር የሹራብ መርፌ ጎረቤትን ያስቀይማል።

ኮፍያ ከባድ ይመስላል እንጂ አይደለም። 40 ቀለበት ጀምሮ በዚያው አንድ ስልት 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሠሩና ሁለቱን ጫፎች ያጋጥሙታል፤ የአንዱን ጎን ጠርዝ በክር ሰብስበው ሲያስሩት አናቱ ይሆናል። የአዋቂ ራስ ዙሪያ ከ50 ይበልጣል፤ ነገር ግን ጨርቁ በዚያ አቅጣጫ ስለሚለጠጥ ጥብቅ ብሎ ይቀመጣል።

ይህን ሁሉ ያለፈ ሰው እጅጌ ያለውን ትቶ በልጅ ሰደርያ ይጀምር። ሁለት እኩል አራት ማዕዘን ትከሻና ጎናቸው ላይ ተሰፍተው፣ ለአንገትና ለክንድ ክፍት ቦታ ተትቶላቸው ሰደርያ ይሆናሉ። የአንገቱ መክፈቻ የሚለካው በልጁ አንገት አይደለም፣ በራሱ ነው፤ የሕፃን ራስ ከሰውነቱ አንጻር ትልቅ ስለሆነ። የመጨረሻው መስመር ሲዘጋም ወፈር ያለ መርፌ መጠቀም ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጠርዙ ስለማይለጠጥ ራሱ አይገባም።